ስለ ቀይ ወጥ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ስለ ቀይ ወጥ አስተያየት የሌለው ሰው በአገራችን እስካሁን አልተገኘም። ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ፣ ምድጃ ለኩሶ የማያውቅ፣ ማማሰያን ከጭልፋ የማይለይ ሰው እንኳ ትሪው ፊቱ ሲቀርብ፣ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ፣ «ቁሌቱ ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ ብይን ይሰጣል። ይህን ያህል ሊቅ በሞላበት መስክ ሥራው ሁልጊዜ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ የሚወድቅበትን ምክንያት የሚመረምር ጽሑፍ ያስፈልጋል። ይህ ጥናት የተባለውን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ ወሰን የበሬ ሥጋ ቀይ ወጥ ብቻ ነው። ዶሮ ወጥ ሆን ተብሎ ተትቷል፤ 12 ብልት፣ እንቁላልና የባል ዘመድ ያለበት ጉዳይ በአንድ ጽሑፍ የሚቻል አይደለም። የመስክ ሥራው በረቡዕና በዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በፍልሰታ 15 ቀናት፣ በሌሎቹም አጽዋማት ተቋርጧል። በተረፈ ጥናቱ የተካሄደው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤት ማድ ቤት ሲሆን፣ ዋናዋ ባለሙያ የቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው። ጥናት አቅራቢው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሂደቱን ያለ ምንም ጣልቃ ገብነት ተከታትሏል። «ተነሥልኝማ ከመንገድ» የሚለው ተደጋጋሚ መረጃ የተሰበሰበው በዚህ ዘዴ ነው።

በታሪካዊ ዳራው እንጀምር። ቀይ ወጥ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው ብሎ የሚምል ሰው ሞልቷል። ችግሩ ያለው በርበሬው ላይ ነው። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ወደዚህኛው የዓለም ክፍል አልመጣም። እንግዲህ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ሲቀበል ማዕዱ ላይ ቀይ ወጥ አልነበረም። ቅዱስ ላሊበላም 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ያስፈለፈለው በርበሬ ሳይቀምስ ነው። ይህን ግኝት ለእትዬ ስናቀርብላቸው ሽንኩርታቸውን እየላጡ ዝም ብለው አዳመጡና፣ «ታዲያ በምን ጉልበት ጠረቡት?» አሉ። ጥያቄው እስካሁን መልስ አላገኘም።

በርበሬ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ወጥ በኮረሪማ፣ በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ ሳይጣፍጥ አልቀረም፤ ማለትም ወደ አልጫው ያደላ ነበር። አልጫ የሕመምተኛ ምግብ ነው የሚሉ ወገኖች ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ይመረጣል።

የውጭ ተጓዦችም እምብዛም አልረዱንም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ በሕይወት ካለች ላም ላይ ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ብሎ ለንደንን አስደነገጠ፤ ብዙዎችም ውሸታም አሉት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ፈረንጅ አብዛኛው ዐይኑን ጥሬ ሥጋ ላይ እንደተከለ ቀረ። ግማሽ ቀን እሳት ላይ የሚውለውን ድስት ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ያየው ጥቂት ነው። በእርግጥ ክዳን የሚገልጥ ሰው እኛው ዘንድ ሞልቶ ተርፏል፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ወደ ሥጋው እንምጣ። በሬ ሉካንዳ ቤት ተሰቅሎ ሲታይ ሻኛ፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ጎድን፣ ፍሪንባ፣ ወርች እየተባለ የሚከፋፈል ሰፊ አገር ነው። ይህ ካርታ ግን የሚያገለግለው ለጥሬና ለጥብስ ነው። ገዢው «ለወጥ ነው» ያለ እንደሆነ፣ ሥጋ ቆራጩ ከተሰቀለው ላይ ዐይኑን ነቅሎ ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው ሳፋ ያዘነብላል። ከሳፋው የሚወጣው ሥጋ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። ግማሹ አጥንት፣ ሲሶው ጅማት፣ የቀረው የቆራጩ መልካም ምኞት ነው። እትዬ ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ሉካንዳ ሲገቡ «ለጥሬ» ይላሉ፤ ቤት መጥተው ወጥ ይሠሩታል።

የሚያሳዝነው ሳይንሱ ከቆራጩ ጋር መቆሙ ነው። የበሬው ብዙ የሠራ ጡንቻና ጅማቱ ኮላጅን በሚባል ነገር የተሞላ ነው። ይህ ኮላጅን ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሰዓታት ሲቆይ ቀልጦ ጄላቲን ይሆናል፤ መረቁን የሚያወፍረውና ከንፈር ላይ የሚያጣብቀው እሱ ነው። ለጥሬ የሚመረጠው ለስላሳ ሥጋ ግን ብዙ በተቀቀለ ቁጥር ይደርቃል። እትዬ ኮላጅን የሚለውን ስም ሰምተው አያውቁም። ሆኖም «ለጥሬ» ብለው ካስቆረጡ በኋላ፣ ሒሳቡ ተዘግቶ፣ ሥጋው በፌስታል ተቋጥሮ ሊሰጣቸው ሲል፣ «እስቲ ከዚያ አጥንትም ጣል አድርግበት፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። አጥንቱ ሳይመዘን፣ በምርቃት መልክ ይገባል። በዚህ አሠራር ሁለቱም የንድፈ ሐሳብ ጎራዎች በአንድ ፌስታል ታርቀው ወደ ቤት ይመጣሉ።

በዓል ሲሆን ነገሩ ወደ ቅርጫ ይሻገራል። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ይታረዳል፤ ከእያንዳንዱ ብልት እኩል እኩል እየተቆረጠ መደብ መደብ ይደረጋል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ለፍትሕ ይህን የሚያህል ሥርዓት የለም። ለወጥ ግን ራስ ምታት ነው፤ አንድ መደብ ውስጥ የሁሉም ብልት ሥጋ ተቀላቅሎ ስላለ፣ አንዱ ቁራጭ ሊሟሟ ሲል ሌላው ገና ከእሳቱ ጋር አልተዋወቀም። እትዬ ጠንካራውን አስቀድመው፣ ለስላሳውን አስከትለው ይከታሉ። እንዴት እንደሚለዩት ሲጠየቁ እያንዳንዱን ቁራጭ በአውራ ጣታቸው ጫን፣ ጫን እያደረጉ አሳዩን። «ይኼ እንቢ ይላል። ይኼኛው እሺ ባይ ነው።» ስለ መለኪያው ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አልተገኘም። በዚህ ምዕራፍ የቤቱ ድመት ሂደቱን ከጥናት አቅራቢው በበለጠ ትኩረት ስትከታተል እንደነበር መመዝገብ አለበት።

ስሙ የሥጋ ወጥ ይባል እንጂ በድስቱ ውስጥ ሥልጣን ያለው ሽንኩርት ነው። ምን ያህል ሽንኩርት? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ ተከፍለዋል። እትዬ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ከኪሎ በላይ ይላሉ። የግድግዳ ጎረቤታቸው እኩል በእኩል ይበቃል ባይ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ቡና ይጠራራሉ፣ በኀዘን በደስታ አይለያዩም፤ አንዳቸው የሌላቸውን ወጥ ቀምሰው «ይጣፍጣል» የሚሉት ግን ከአንገት በላይ ነው። የሽንኩርት ዋጋ ሲወደድ የጎረቤትየዋ ጎራ ደጋፊ ይበዛለታል፤ ሲረክስ ሁሉም ወደ እትዬ ይመለሳል።

ድሮ የሚከተፈው የሐበሻ ሽንኩርት፣ ያቺ ትንሿ፣ ተልጣ የማታልቀው ነበረች። ዛሬ ገበያውን የያዙት ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እነ አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ናቸው። ትልልቅ ስለሆኑ ለመላጥ ይመቻሉ። «ውሃ ናቸው እንጂ» ይላሉ እትዬ፤ ቁሌቱ ይንቀራፈፍባቸዋል።

ሽንኩርት ለምን ያስለቅሳል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የመጣው ከጃፓን ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የሽንኩርቱ ሴል ሲቆረጥ አስለቃሹን ጋዝ የሚሠራው እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ ራሱን የቻለ ኢንዛይም መሆኑን አሳወቁ። በ2013 ደግሞ ለዚሁ ሥራቸው ኢግ ኖቤል የተባለውን፣ አስቀድሞ የሚያስቅ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን ሽልማት ወሰዱ። ጥናት አቅራቢው ይህን ሁሉ ሲያስረዳ እትዬ ሽንኩርት ከምትከትፈው ልጅ እጅ ቢላዋውን ተቀብለው ስለቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ። «ደንዝዟል» አሉና ሞርደው መለሱላት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ብዙም አላለቀሰችም። ደነዝ ቢላ ሴሉን ጨፍልቆ ጋዙን ያበዛል፤ ስለታም ቢላ ለይቶ ያልፋል። ለእትዬ ግን የሸለማቸው የለም።

ቀጥሎ ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ በራሱ ላብ ይቁላላል። መጀመሪያ ውሃውን ይተፋና ድስቱ ይንጫጫል። ጫጫታው እየበረደ ሲሄድ ማማሰያው የድስቱን ሆድ ሲፍቅ የሚሰማ ደረቅ ድምፅ ይመጣል። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ኮረሪማ እየፈለፈሉ ያቺን ድምፅ ይሰማሉ፤ ዘወር ሳይሉ «አገላብጪው!» ይላሉ። ልጅቷ ታገላብጣለች። ሽንኩርቱ ከነጭና ሐምራዊ ተነሥቶ ወርቅማ፣ ከወርቅማ ወደ ጠይም እስኪሄድ ድረስ ይህች ልጅ ወዴትም መሄድ አትችልም። ስልክ ቢጠራ ሌላ ሰው ያነሣል፤ በር ቢንኳኳ ሌላ ሰው ይከፍታል። በዚያ ሰዓት ማማሰያ ከያዘ ሰው ይልቅ የዘብ ነፃነት ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. 1912 ለቁሌት ትልቅ ዓመት ነበር፤ ቁሌት ራሱ አልሰማም እንጂ። በዚያ ዓመት ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚ ማያር ስኳርና አሚኖ አሲድ በሙቀት ሲገናኙ ስለሚፈጠረው ቡናማ ቀለም ጽፎ አሳተመ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው የመድኃኒት ቀማሚ ዊልበር ስኮቪል የበርበሬን ማቃጠል የሚለካበትን ዘዴ አወጣ። አንዱ ሽንኩርቱን፣ ሌላው በርበሬውን ደረሰበት ማለት ነው። ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ የሚቀራቸው ሥጋ ብቻ ነበር። የስኮቪል ዘዴ የበርበሬውን ጭማቂ በስኳር ውሃ እያቀጠኑ፣ ቀማሾች ማቃጠሉን እስኪያጡት ድረስ ማቅመስ ነው። ይህ ሲነገራቸው እትዬ ማማሰያውን አንሥተው ቆሙ። «በርበሬ በስኳር? ሰውዬው እናት አልነበረችውም?»

በርበሬው የማረቆ ነው፤ የሀላባ የሚመርጡም አሉ። ከዘይቱ በኋላ ይገባል እንጂ ከዘይቱ በፊት አይገባም። ይህ ትእዛዝ በኬሚስትሪም የጸና ነው፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ ሳይሆን በቅባት ስለሚሟሟ፣ ቅባት ያላገኘ በርበሬ ጉሮሮ ላይ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ውሃ ጠብ፣ ማማሰል፣ ደግሞ ጠብ፣ ማማሰል፤ የበርበሬው ጥሬነት እስኪለቅ ድረስ። በዚህ ሰዓት ቤቱ በሙሉ ያስላል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ የሚሠሩ ወገኖቻችን ለዚህ ምዕራፍ ሁለት ሰው ይመድባሉ፦ አንዱ ያማስላል፣ ሌላው ወንበር ላይ ቆሞ የጭስ ደወሉን በፎጣ ያራግባል። ኮትና ጋቢ ቀድሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ንጥር ቅቤው፣ በመጨረሻም መከለሻው በየተራቸው ይገባሉ። ጥናት አቅራቢው መጠናቸውን ለመመዝገብ ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የዓለም የመለኪያ ሊቃውንት ከ1889 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ ተቆልፎበት የኖረውን የኪሎግራም ብረት ሽረው ኪሎ በተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር እንዲተረጎም አድርገዋል። የማድ ቤቱ መለኪያዎች ግን በዚህ ለውጥ አልተነኩም። እነሱም «ትንሽ»፣ «ትንሽዬ»፣ «እንዲህ» (ከእጅ ምልክት ጋር)፣ «ልኩን» እና «አየኸው አይደል» ናቸው። «ልኩን» ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ «ሲበቃው» የሚል ነው። «ሲበቃው» መቼ እንደሆነ ሲጠየቅ «ልኩን ሲያገኝ»። ሥርዓቱ በራሱ የተዘጋ ስለሆነ ከውጭ የሚገባ ስሕተት የለበትም።

ሥጋው ገብቶ፣ የፈላ ውሃ ተጨምሮበት መንተክተክ ሲጀምር፣ ለምን አይበስልም የሚለው ጥያቄ ይነሣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ቢያነዱበት ይተንናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ ጅዳ ያለች እህት ደውላ «የእኔማ ቶሎ ደረሰ» ብትል ጉራ አይደለም፤ የአየር ግፊት ነው። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነውን ድስት ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ሠርቶ አሳይቷል። ዘሩ ዛሬ ፕሬዠር ኩከር ተብሎ እትዬ ቤት ቁም ሣጥን ላይ፣ ከነካርቶኑ አለ። ከውጭ የመጣ ስጦታ ነው። «የሚያፏጭ ድስት ቤቴ አይጣድም» ብለዋል።

የዚህ ጥናት ዋና ግኝት የተገኘው በዚሁ በመንተክተኩ ሰዓት ነው። ሥጋው ድስት ውስጥ ከገባ ጀምሮ በማድ ቤቱ በር ያለፈ ሰው ሁሉ ክዳኑን ከፍቷል። አባወራው ጋሼ ከፍተው «ቀጥኗል» አሉ። ታናሽ እህታቸው ከፍተው «ወፍሯል» አሉ። የግድግዳ ጎረቤታቸው ወንፊት ሊመልሱ መጥተው፣ ወንፊቱን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው ከፈቱና «በርበሬው አልበሰለም እንዴ?» ብለው በጥያቄ መልክ ፈረዱ። ከሥራ የተመለሰው ልጅ ከፍቶ ምንም አላለም፤ አንድ ቁራጭ አወጣ። ክዳን በተከፈተ ቁጥር እንፋሎት ይወጣል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ወጡ ይዘገያል፤ በዘገየም ቁጥር አዲስ አስተያየት ሰጪ ለመምጣት ጊዜ ያገኛል። በመሆኑም የሥጋ ወጥን የማብሰያ ጊዜ የሚወስነው የሥጋው ጥንካሬ ሳይሆን የቤተ ዘመዱ ብዛት ነው። እትዬ ለቀረበላቸው አስተያየት ሁሉ የሰጡት ምላሽ አንድ ነው፦ «እሺ»። ከ«እሺ» በኋላ ድስቱ ላይ የተደረገ አንዳች ለውጥ አልታየም። አውራ ጣታቸው ሥር የነበረውን «እንቢ» ያስታወስነው ያኔ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው አባባል በመንግሥታት ላይ ብዙ ጊዜ ሲፈተሽ ኖሯል፤ በወጥ ላይ ሲፈተሽ ግን እምብዛም አይታይም። ዕድሉ በዚያው ዕለት ተገኘ። ቁሌቱ በኤሌክትሪክ ምድጃ ተጀምሮ ሽንኩርቱ ወርቅማ ሊሆን ሲል መብራት ሄደ፤ ድስቱ ወደ ከሰል ተዛወረ። በርበሬው ከገባ በኋላ መብራት መጣ፤ ድስቱ ተመለሰ። ሥጋው ሊበስል ሲል መብራቱ ዳግመኛ ሄደ፤ ከሰሉም አመድ ሆኖ ስለነበር ድስቱ በጨርቅ ተይዞ፣ ጋሼ በር እየከፈቱ፣ ልጁ ድመቷን እያባረረ፣ ጎረቤት ጋዝ ምድጃ ላይ ወጣ። በሦስት ጉልቻ የተሠራው ይህ ወጥ ጣፈጠ። ውጤቱን ግን የተቀበለው የለም። ጋሼ «ከሰሉ ነው ያጣፈጠው» አሉ። ጎረቤትየዋ ድስቱ ከቤታቸው ስለወጣ ድርሻ ጠየቁ። እትዬ «መብራት ባይሄድ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር» ብለው ዘጉት።

ስለ ጨው አንድ ነገር ብቻ። ጨው የሚቀመሰው ከማማሰያው በግራ መዳፍ ላይ ጠብ ተደርጎ ነው። ለፋሲካ የሚሠራው ወጥ ግን ሠሪዋ በጾም ላይ እያለች ስለሚበስል መዳፉ አያገለግልም። እትዬ በማሽተት ይለዩታል፤ ካጠራጠራቸው ጾም ያልያዘ ሕፃን ይጠራል። ቀማሹ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣ ዐይኑን እያሸ፣ መረቅ የነካ ጣት አፉ ውስጥ ይገባለታል። «ደኅና ነው?» ይባላል። ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ጨው ምንም ቢል ይግባኝ የለውም።

ቅባቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ወጡ ወጥቷል ይባላል፤ ድስቱም ይወርዳል።

በመጨረሻ ጥናቱ ያላረጋገጠው አንድ ነገር አለ። ያደረ ወጥ ከትኩሱ ይበልጣል ይባላል፤ ቅመሙ ሌሊቱን ተዋሕዶ፣ ጄላቲኑ ረግቶ፣ ጠዋት ለፍርፍር ይደርሳል። ይህን ለማጣራት ከድስቱ ግማሽ ያህሉ ሆን ተብሎ እንዲያድር ተደርጎ ነበር። ጠዋት ሲከፈት ድስቱ ባዶ ነው። ጋሼ «ድመት ናት» አሉ። ጥናት አቅራቢው ይህን እንደ አንድ አማራጭ መዝግቦታል፤ በዚህ መሠረት ድመቷ ወጡን በእንጀራ ጠርጋ በልታለች፣ ክዳኑን መልሳ ገጥማለች፣ እጇንም ታጥባ ፎጣውን ቦታው ሰቅላለች።